አሥራ ሦስት ሰው የሚያነሳው ግንድ

«ተረት ተረት።»

«ንገሪን፣ ጆሯችን ክፍት።»

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም መለስ አድርጉት፣ ነፋሱ ድምፄን ይወስድብኛል። የዛሬው ተረት ግርግር አለበት። እኔም ስናገረው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ታዲያ መሃል ላይ እንዳታቋርጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጥቁሬ በሚባል ወንዝ ግራና ቀኝ ሦስት መንደሮች ነበሩ። አንዱ አፋፍ ይባላል። ተራራው ጫፍ ላይ ነው፣ ስልሳ ቤት ነበረው። ሁለተኛው ሜዳ ይባላል። ከተራራው ሥር ነው፣ ሃምሳ ቤት ነበረው። ሦስተኛው ጭቃ ዳር ነው። እሱ ከወንዙ ማዶ ለብቻው ነው፣ ያለው አሥራ አምስት ቤት ብቻ ነው። የጭቃ ዳር ሰዎች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እንስራውን፣ ማሰሮውን፣ ድስቱን ይሠሩና ወንዙን ተሻግረው ይሸጣሉ።

ሦስቱ መንደሮች አንድ የጋራ ጎተራ ነበራቸው። አዝመራ ሲሰበሰብ ከየቤቱ ሦስት ሦስት ቁና እህል ይዋጣና እዚያ ይገባል። መንገድ የሚጠርግ ሰው ከዚያ ይበላል። እናት አባት የሌለው ልጅ ከዚያ ይበላል። ክፉ ዘመን ከመጣም ዘሩ ከዚያ ይወጣል። በጎተራው ላይ የሚያዘው አንድ ሰው ነው፣ የጎተራ አባት ይሉታል።

እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ። በየሁለት ዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከትልቁ ሾላ ሥር ሦስት ማሰሮ ይቀመጣል፣ ለየመንደሩ አንድ አንድ። ከዚያም ከየቤቱ አንድ ሰው ይመጣና አንድ ጠጠር ይጥላል። ብዙ ጠጠር የገባበት ማሰሮ ባለቤት ጎተራውን ከነእህሉ ይረከባል። የቀሩት ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ስልሳ፣ ሃምሳ፣ አሥራ አምስት። ማን እንደሚያሸንፍ ጠጠሩ ሳይጣል ይታወቃል። የአፋፉ ደባሽ አሥር ዓመት ሙሉ የጎተራ አባት ሆኖ ኖረ። ደባሽ ክፉ ሰው አልነበረም። የመረጡትን ሰዎች የሚወድ ሰው ነበር። የአፋፍ መንገድ በድንጋይ ተነጠፈ። የአፋፍ ጣሪያ በየዓመቱ አዲስ ሣር ለበሰ። የሜዳ ሰዎች ግን ቦያቸው ተደፍኖ ማሳቸው ይደርቃል። የጭቃ ዳር ሰዎችም ክረምት በገባ ቁጥር ጥቁሬን በእግራቸው ይሻገራሉ።

አሁን ወደ አንጓች እንምጣ።

አንጓች የጭቃ ዳር ሴት ናት። እጇ የተባረከ ነበር፣ የሠራችው እንስራ ውኃ አያንጠባጥብም። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን ባሏ ይግዛው አሥራ ሁለት ማሰሮ በአህያ ጭኖ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውኃው መጀመሪያ ከጉልበቱ አላለፈም ነበር። መሃል ሲደርስ ግን ከላይ የዘነበው ጎርፍ እንደ ፈረስ እየጋለበ መጣ። አንጓች ከዳር ቆማ እያየች ይግዛውን ወሰደው። አህያውንም ወሰደው። ሦስት ማሰሮ ብቻ ከታች ዛፍ ላይ ተሰንቅሮ ተገኘ።

አርባው እንደወጣ አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አፋፍ ወጣችና ደባሽ ደጅ ቆመች።

አንጓች፦ አያ ደባሽ፣ ወንዙ ሰው እየበላ ነው። ድልድይ ያሠሩልን።

ደባሽ፦ አዝኛለሁ እቴ። ይግዛው ደግ ሰው ነበር። ግን ድልድይ ብዙ እህል ይበላል።

አንጓች፦ ጎተራው ሙሉ ነው። እኛም ሦስት ሦስት ቁናችንን አጉድለን አናውቅም።

ደባሽ፦ እንዳልዋሽሽ አንጓች። እኔን የሚሾመኝ የአፋፍ ጠጠር ነው። የአፋፍን እህል ለጭቃ ዳር አወጣሁ ብል፣ መስከረም ላይ ምን ይሉኛል?

አንጓች ተሰናብታ ወጣች። ቁልቁል ስትወርድ ግን እግሯ እየሄደ ልቧ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ስልሳ አለች። ሃምሳና አሥራ አምስት አለች። ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። መንገዱ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። ሃምሳና አሥራ አምስት ሲደመር ስልሳ አምስት ነዋ።

ከዚያም ወደ ቤቷ አልሄደችም። እየሮጠች ወደ ሜዳ ወረደች። የሜዳው አለቃ ቢተው ማሳው ዳር ቆሞ የደረቀ ቦዩን ሲያይ አገኘችው።

አንጓች፦ አያ ቢተው፣ ዘንድሮ ለጭቃ ዳር ማሰሮ አናስቀምጥም። አሥራ አምስታችንም በእርስዎ ማሰሮ እንጥላለን። እርስዎ ቦይዎን ያስጠርጉ። ለእኛ ድልድይ ያሠሩልን።

ቢተው ዞሮ አያት። እሱም በጣቱ ቆጠረ። ከዚያም ሳቁ መጣ።

ቢተው፦ ይህን ነገር አሥር ዓመት ሙሉ ማናችንም እንዴት አላየነውም?

አንጓች፦ ወደ ማዶ የሚያይ ስለሌለ ነው።

ቢተውም እጇን መታና ማለላት። ማንም ሳይሰማ ተለያዩ።

መስከረም ጠባ። ሾላው ሥር ሰው ግጥም አለ። የአፋፍ ሰዎች ሲዘፍኑ መጡ፣ ሙክቱንም አስቀድመው አርደዋል። ማሰሮው ግን ሁለት ብቻ ሆነ። ደባሽ፦ ሦስተኛው የት ሄደ፣ ብሎ ጠየቀ። ጠጠሩ መጣል ጀመረ። ጠግ፣ ጠግ፣ ጠግ ይላል። የጭቃ ዳር ሰዎች ልብሳቸው ከወንዙ እንደረጠበ ተሰልፈው መጡና አንድ በአንድ በሜዳ ማሰሮ ውስጥ ጣሉ። የአፋፍ ዘፈን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሲቆጠር ስልሳ ለስልሳ አምስት። ሜዳ እልል አለ። ደባሽ እንደ ተተከለ ድንጋይ ቆሞ ቀረ። ከዚያም ቀስ ብሎ የጎተራውን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ለቢተው ሰጠው።

አንጓች በዚያ ቀን ወንዙን ስትሻገር እየዘፈነች ነበር።

ግን ልጆቼ፣ ቁልፍ አንገት ላይ ሲገባ ጆሮ ይደፍናል መሰለኝ። ቢተው መጀመሪያ ቦዩን አስጠረገ። ይሁን፣ ቃሉ ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛ ቦይ አስቆፈረ። ቀጥሎ ለሜዳ የከብት ማጠጫ ገንዳ አሠራ። አንጓች ሄዳ ስትጠይቀው፦ ከፋሲካ በኋላ፣ ይላታል። ከፋሲካ በኋላ ስትመጣ፦ አሁን ክረምት ገባ፣ ለበጋ እናድርገው፣ ይላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ጥቁሬ ሁለት ልጃገረዶችን ወሰደ። እህትማማቾች ነበሩ።

የጭቃ ዳር ሰው ሁሉ አንጓች ላይ ተነሳ። ጎረቤቷ ፈንታ፣ አራት ልጆች ያሉት፣ ምላሱ የሚናደፍ ሰው ነበር፣ እሱ በሰው ፊት፦ ጠጠራችንን ሸጠሽ ምን አመጣሽልን፣ ብሎ ጠየቃት። ሦስት ቀን ሸክላ ሳትነካ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ተነስታ እንደገና ወደ አፋፍ ወጣች።

ደባሽ ሁለት ዓመት ተሸንፎ ከስቶ ነበር። የተነጠፈው መንገድ ሣር በቅሎበት ነበር።

ደባሽ፦ ምን አመጣሽ? እኔን የጣልሽኝ አንቺ አይደለሽ?

አንጓች፦ ነኝ። አሁንም ልጥልዎት እችላለሁ። ቢተው ቢያታልለንም ጠጠራችንን መልሰን ለሱ ብንሰጥ እርስዎ ሌላ ሁለት ዓመት ይቀመጣሉ።

ደባሽ፦ እሺ፣ ለእኔ ስጡኝና ድልድዩን ላሠራላችሁ።

አንጓች፦ የሰው ቃል አይተናል። ቃል አልፈልግም አያ ደባሽ። እጄ በሩ ላይ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ከዚያም ያሰበችውን ነገረችው። ጠጠሮቹ ይቆጠሩ፣ ግን አሸናፊው ሁሉን አይውሰድ። ለየአምስቱ ጠጠር አንድ አንድ ሽማግሌ ይላክ። አፋፍ አሥራ ሁለት ይልካል፣ ሜዳ አሥር፣ ጭቃ ዳር ሦስት። ሁሉም ሃያ አምስት ናቸው። በጎተራውም በር ላይ በቁልፍ ፋንታ አንድ ትልቅ ግንድ ይጋደም፣ አሥራ ሦስት ሰው ካልያዘው የማይነሳ። ያን ግንድ ከሽማግሌዎቹ በቀር ማንም አይንካው።

ደባሽ አሰበ፣ አሰበ። አሥራ ሁለት አለኝ፣ የሚጎድለኝ አንድ ነው፣ ሲል በልቡ አሰላ። ከቤት ከመቅረት ይሻላል አለና እሺ አላት።

መስከረም ላይ ሕዝቡ ተሰበሰበና ነገሩ ተነገረ። የሜዳ ሃምሳ ቤት አይሆንም አለ። የአፋፍና የጭቃ ዳር ሰባ አምስት ቤት ይሁን አለ። ይሁን ያለው በዛ። ከጫካው የወይራ ግንድ ተቆረጠ። በአሥር ሰው ሞከሩት፣ አልተነቃነቀም። በአሥራ ሁለት ሞከሩት፣ ጠርዙ ትንሽ ቀና አለና ወደቀ። በአሥራ ሦስት ሲይዙት ተነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጭቃ ዳር የላካቸው ሦስቱ አንጓች፣ ፈንታና ጆሮው የከበደ አንድ አዛውንት ነበሩ። አዛውንቱ አንጓች ወደሄደችበት ይሄዳል። አንዳንዱ፦ ሴት ከሽማግሌ ጋር ልትቆም ነው ወይ፣ ብሎ አጉረመረመ። ግን ግንዱ የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው።

አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ። አፋፍ አሥራ ሁለት ሆኖ በሩን መክፈት አይችልም። ሜዳ አሥር ሆኖ መክፈት አይችልም። ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈዋል፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እንግዲህ ማን ቀረ? ያቺ ማንም የማያያት ጭቃ ዳር ቀረች። ጥቁሬ ገና ሳይጎድል የደባሽ ሰዎች ሙክት እየጎተቱ ተሻግረው መጡ። በማግስቱ የቢተው ሰዎች ማር በገንቦ ተሸክመው መጡ። አሥራ አምስቱ ቤት ጉድ አለ።

አንጓች የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። ደባሽን፦ መጀመሪያ ድልድዩ ይሠራል፣ ከዚያ የእርስዎን መንገድ ለማደስ ግንዱን እናነሳለን፣ አለችው። እጇ በሩ ላይ ነውና ደባሽ ከፋሲካ በኋላ ማለት አልቻለም። በጥር ሥራው ተጀመረ። ድንጋይ ተፈለጠ፣ እንጨት ተጋደመ። በመጋቢት ድልድዩ ቆመ። የጭቃ ዳር ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ያለ ሥራ ይመላለሱበት ነበር። ወዲያ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። አንጓችም መሃሉ ላይ ቆማ ቁልቁል ውኃውን አየችና አለቀሰች።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ድልድዩ ካለቀ በኋላ ደባሽ ለመንገዱ ግንዱ እንዲነሳ ጠየቀ። ፈንታም፦ ዝም ብለን አናነሳም፣ ለእኛ የሸክላ ማቃጠያ ዳስ ይሠራልን፣ አለ። ተሠራ። ቢተው ይህን ሰማና ለሦስቱ መልእክት ላከ፦ ወደ እኛ ብትመጡ ወፍጮ አሠራላችኋለሁ። አሥርና ሦስት አሥራ ሦስት ነው፣ አለ። ሄዱለት። ለሜዳ ሦስተኛ ቦይ ወጣ፣ ለጭቃ ዳርም ወፍጮ። ደባሽ ደነገጠና እጥፍ ጨመረ። ተመልሰው መጡለት። ከዚያም እንደገና ሜዳ፣ እንደገና አፋፍ። በየሳምንቱ ግንዱ ይነሳል። ከመነሳቱ ብዛት ልጡ ተላጦ አለቀ። ያኮረፈ ሰው የለም። አፋፍ ጠግቧል፣ ሜዳ ጠግቧል፣ ጭቃ ዳርማ አዲስ ልብስ ለብሳለች። አንጓች ራሷ ለጓዳዋ አዲስ ጣሪያ ተቀበለች። እምቢ አላለችም።

ከአፋፍ አሥራ ሁለት አንዱ አባ ክንፉ ይባላል። ጎተራው ውስጥ ገብቶ እህል የሚሰፍረው እሱ ነበር። ልጁ ሜዳ ተድራ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን አቧራውን ከጋቢው እያራገፈ ወደ አንጓች ጠጋ አለ።

አባ ክንፉ፦ ልጄ፣ ጎተራው ውስጥ ስጣራ ድምፄ መልሶ ይጮህብኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

አንጓች፦ ኅዳር ሲመጣ ይሞላል አባቴ።

አባ ክንፉ፦ በአንድ ሰው ጊዜ አንድ መንደር ነበር የሚበላው። አሁን በሩን ያነሳ ሁሉ ይበላል።

አንጓች ሰማችው። ልቧም ቆነጠጣት። ግን በማግስቱ ግንዱን ሄዳ አነሳች።

ጥቅምት መጣ። ማሽላው ራሱን ደፍቶ፣ ጤፉ እየተንዘናፈለ ሳለ፣ ከምሥራቅ በኩል ቡናማ ደመና ታየ። ዝናብ ነው ያለ ነበር። ደመናው ግን ይንኮሻኮሻል። አንበጣ ነበር። ከበሮ ያለው ከበሮ መታ፣ ጭስ የሚያጨሰው አጨሰ፣ ሴቶች በነጠላቸው አባረሩ። ሦስት ቀን ተጮኸ። በአራተኛው ቀን አንበጣው ተነስቶ ሄደ። ያረፈበት ማሳ አገዳ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሦስቱም መንደር ወደ ጎተራው ሮጠ። ግንዱ ተነሳ። አባ ክንፉ ገባ። ውጭ ያለው ሕዝብ በሩን እያየ ጠበቀ። አባ ክንፉ ተመልሶ ወጣና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እህሉ እዚህ ድረስ ነው ማለቱ ነው። ለዘርና ለጥቂት ወር የእለት ጉርስ፣ እሱም ለአንድ መንደር ብቻ።

ግንዱን መልሰው አጋደሙትና በሳምንቱ ለመምከር ተለያዩ።

በዚያ ሳምንት ደባሽ አንጓች ዘንድ ሰው ላከ፦ ከእኛ ጋር አንሺ፣ ያለውን ለአፋፍና ለጭቃ ዳር እንካፈለው። ቢተውም ላከ፦ ከእኛ ጋር አንሺ፣ ለሜዳና ለጭቃ ዳር እንካፈለው። አንጓች ሁለቱንም መልእክተኞች እንደቆሙ አየቻቸው። ማንንም ብትመርጥ፣ አንድ መንደር ሙሉ ባዶውን ይቀራል። ይህንንም ያደረገችው እሷ ራሷ ናት፣ ያን ግንድ በየሳምንቱ እያነሳች። ለሁለቱም፦ ቅዳሜ ሾላው ሥር እመልሳለሁ፣ ብላ ሰደደቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት። ልጆቼ፣ ያን ቀን ባያችሁት። አፋፍ በአንድ ወገን፣ ሜዳ በአንድ ወገን፣ አንዳንዱ በጋቢው ሥር ድንጋይ ይዟል። ሽማግሌዎቹ ወደ ግንዱ ቀረቡ። አንጓች ቀድማ ተናገረች።

አንጓች፦ እኔ ዛሬ ግንዱን አልነካም። ከአፋፍም ጋር አልነካም፣ ከሜዳም ጋር አልነካም። አፋፍና ሜዳ አብራችሁ ካልያዛችሁት እንደተጋደመ ይቅር።

እንዲህ አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጆሮው የከበደው አዛውንትም አጠገቧ ተቀመጠ። ፈንታ ግን አልተቀመጠም።

ፈንታ፦ አራት ልጆች አሉኝ አንጓች። ትናንት ያበላኋቸው የጎመን ሥር ነው።

አንጓች፦ አውቃለሁ ፈንታ።

ፈንታ፦ ታዲያ ይቅር በይኝ።

ሄደና ከደባሽ ጎን ቆመ። ደባሽ ያ አንድ የጎደለው ሰው መጣለት። አሥራ ሁለትና አንድ፣ አሥራ ሦስት።

የሜዳ ሴቶች ጮኹ። አሥራ ሦስቱ ጎንበስ አሉና ግንዱን ያዙት። አንድ፣ ሁለት አሉ። ግንዱ ተነሳ። ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ጉልበት ደረሰ። የሜዳ ጎረምሶች ድንጋያቸውን አወጡ። የአፋፍ ጎረምሶችም አወጡ። በዚህ መሃል አባ ክንፉ፣ ግንዱን እንደያዘ፣ ቀና ብሎ በሜዳ ወገን ያለውን ሕዝብ አየ። ልጁ ከፊት ቆማለች። ሕፃኑን አዝላዋለች። አትጮህም። አባቷን ብቻ ታየዋለች።

አባ ክንፉ እጁን ለቀቀ።

ግንዱ ወረደ። ድም ሲል ምድሩ ተንቀጠቀጠ፣ የደባሽንም የእግር ጣት መታው። ደባሽ በአንድ እግሩ እየዘለለ፦ አባ ክንፉ፣ ምን ነካህ፣ አለ።

አባ ክንፉ፦ ልጄ እዚያ ናት። የልጅ ልጄም እዚያ ነው። እነሱን አስርቤ አልበላም።

ቢተው ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። በጣቱ ቆጠረ። አሥር የሜዳ፣ አባ ክንፉ አሥራ አንድ፣ አንጓችና አዛውንቱ ቢነሱ አሥራ ሦስት።

ቢተው፦ አባ ክንፉ፣ ወደ እኛ ይምጡ። አንጓች፣ ተነሺ።

አባ ክንፉ፦ እነዚህን ትቼ የወጣሁት እናንተ ዘንድ ልገባ አይደለም።

አንጓች፦ እኔም የተቀመጥኩት ለዚህ አይደለም አያ ቢተው።

እንግዲህ ማንም በሩን መክፈት አልቻለም። እህሉ ውስጥ አለ፣ ርሃቡ ውጭ አለ፣ መሃላቸው ግንድ ተጋድሟል። ፀሐዩ እየከረረ ሄደ። ሕፃናት አለቀሱ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፣ አንዱ ቢሄድ ሌላው እንዳያነሳው ፈራ። ድንጋይ የያዙት እጃቸው ዝሎ ድንጋዩን አስቀመጡ። እኩለ ቀን አለፈ። ደባሽ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ያበጠ ጣቱን ያሻል። ቢተው ከፊቱ ቆሟል። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም ነበር።

በመጨረሻ ደባሽ ጣቱን እያየ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

ደባሽ፦ ሜዳ ስንት አፍ ነው ያለው?

ቢተው በጣቱ ቆጠረ።

ቢተው፦ ሕፃናትን ጨምሮ ሦስት መቶ አሥር ይሆናል። አፋፍስ?

ደባሽ፦ አራት መቶ እናልፋለን።

አንጓች ከተቀመጠችበት፦ ጭቃ ዳር ዘጠና አንድ፣ አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ቆጠሩ፣ ተከራከሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ዘሩ መጀመሪያ ይለይ፣ የቀረው ለየአፉ ይከፈል ተባለ። አንጓች ያን ጊዜ ተነስታ አንድ ነገር ጠየቀች። ከወንዙ ዳር ቀይ አፈር አስመጣችና በውኃ በጠበጠችው። በሩ ሲከፈት በጎተራው ግድግዳ በውስጥ በኩል፣ በሰው ደረት ልክ፣ ዙሪያውን ቀይ መስመር እቀባለሁ አለች።

አንጓች፦ እህሉ ከዚያ መስመር በላይ ሲሆን አሥራ ሦስት ሰው ያንሳው፣ እንደፈለግን እንከራከር፣ እንደፈለግን እንስማማ። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን የሦስቱም መንደር እጅ ግንዱ ላይ ካልሆነ አይነሳ።

ሁሉም ማለ። ከዚያም ሃያ አምስቱ አንድ ላይ ግንዱን ያዙት። ያ አሥራ ሦስት ሰው እያቃሰተ የሚያነሳው ግንድ እንደ ሸምበቆ ብድግ አለ። ሰው ሁሉ በዚያ ርሃቡ ውስጥ ሳቀ። አንጓችም ገብታ መስመሩን ቀባች።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። ሰው ሳማ ቀቅሎ በላ፣ ሥራ ሥር ቆፍሮ በላ፣ ከብቱ ግማሹ አለቀ። ግን ከሦስቱም መንደር በርሃብ ያለቀ ቤት አልነበረም። ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣ። ዘሩ ተዘራ።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ጠጠር ተጣለ። ጭቃ ዳር አንጓችን አልመረጣትም። ሰዎቿ፦ ሁለት መንደር ለምኖሽ ለራሳችን ትርፍ ሳትይዢልን ተቀመጥሽ፣ ብለው ተቀይመዋት ነበር። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ገባ፣ ፈንታም የሦስቱ አለቃ ሆነ። አንጓች ከፋት። አልዋሻችሁም፣ ብዙ ቀን ከፋት። ከዚያም ሸክላዋን ቀጠለች።

በኅዳር እህሉ ገባ። ጎተራው ቀዩ መስመር ጋ ለመድረስ ጣት ያህል ሲቀረው አዝመራው አለቀ። በዚያው ጥር ምን ተሰማ? የደባሽ ልጅ የቢተውን ልጅ ሊያገባ ነው። ያ ሁሉ ኩርፊያ በሠርግ ሊያልቅ ነው። አፋፍና ሜዳ በደስታ ሰከሩ። ሃያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከበሮ እያስመቱ፣ እየጨፈሩ ወደ ጎተራው መጡ፣ ለድግሱ እህል ሊያወጡ። ሃያ ሁለት ሰው ግንዱን ለማንሳት ይተርፋል።

ሲደርሱ ፈንታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ግንዱ ላይ ተቀምጧል።

ደባሽ፦ ፈንታ፣ ደስታችን ነው፣ ተነስ። ለጭቃ ዳር አንድ በሬ ይታረዳል።

ያንን ፈንታ ታውቁታላችሁ። ዋጋ ሊጨምር አፉን ከፈተ።

ቢተው፦ ሁለት በሬ ይሁንልህ።

ፈንታ እንደገና አፉን ከፈተ። ከሕዝቡ መሃል አራቱ ልጆቹ ቆመው ያዩታል። አምና በዚያች ቅዳሜ ያን ግንድ ሲይዝ እንዳዩት፣ እንዲሁ ያዩታል። የከፈተውን አፉን ገጠመው። በእጁ ግንዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ፈንታ፦ ከመስመሩ በታች ነው። አይነሳም።

ከበሮው ቆመ። ደባሽና ቢተው ተያዩ። ያን ጊዜ ከሰዎቹ ኋላ አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። አንጓች ነበረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ወደ አባ ክንፉ ተጋባ፣ ከዚያም ወደ ሁሉም።

ሠርጉ በየሰው ሞሰብ ተደገሰ። አንዱ ዳቦውን ይዞ መጣ፣ አንዱ ጠላውን። ፈንታን በኩርፊያ ማንም አልጠራውም። እሱ ግን አራት ልጆቹን አስከትሎ ሄደ፣ ጥግ ይዞም አልተቀመጠም። መሃል ገብቶ፣ ከደባሽና ከቢተው ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ልብሱ በላብ እስኪርስ ጨፈረ።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፣ እናንተ ደግሞ እሸቱን ጥበሱ፤
ጉሮሮዬ ደርቋል፣ በጠላ አርጥቡልኝ፣ ዋንጫውን አብሱ።